«ሳአማ»ን በጭራው መያዝ፦ አንድ የኤስቶንኛ ግሥ እንዴት እንደሚነበብና እንደሚነገር

ኤስቶንኛ መማር የጀመረ ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት አንስቶ አንድ ግሥ አይለቀውም። ሱቅ ሲገባ ይሰማዋል፣ ሐኪም ቤት ሲደውል ይሰማዋል፣ ዜና ሲያነብ ያገኘዋል። «ሳአማ» ይባላል። መዝገበ ቃላት ሲገልጥ «ማግኘት» ይለዋል፤ እሺ ብሎ ይይዘዋል። በማግስቱ ባለ ሱቋ «ኤይ ሳአ» ስትለው «አላገኝም» ያለች ይመስለዋል። እሷ ግን «አይቻልም» ነው ያለችው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጎረቤቱ ልጄ ሐኪም ሆነች ብሎ ሲያወራው ያው ግሥ ተመልሶ ከች ይላል።

እኛ ማግኘት፣ መቻልና መሆን ብለን በሦስት ግሥ የምንለያየውን እነሱ በአንድ ግሥ ይጨርሱታል። ስለዚህ የትርጉም ዝርዝር መሸምደድ ብዙ አያስኬድም። የሚያዋጣው ከግሡ ኋላ ምን እንደተንጠለጠለ ማየት ነው። ስም ነው? ሌላ ግሥ ነው? «ክስ» የሚል ቅጥያ ነው? ወይስ እንደ «አሩ» ያለች ትንሽ ቃል? ጭራውን ያየ ትርጉሙን አይስትም። ይህ መመሪያም የሚሄደው በጭራው ነው። የኤስቶኒያ ከተሞች ታሊን ወይም ታርቱ ለትምህርትም ለሥራም የገባችሁ፣ ወይም ቋንቋ መነካካት ደስ የሚላችሁ፣ ከላይ ወደ ታች ተከተሉኝ።

ከሁሉ በፊት ድምፁ

ኤስቶንኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። «ሳአማ» ሲጻፍ ከኤስ ቀጥሎ ኤ ሁለቴ ይደገማል። ሁለቴ የተጻፈው ሁለቴ ስለሚረዝም ነው፤ ስለዚህ «ሳማ» ብላችሁ አትቁረጡት። ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎላው የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ሳአ» ብዬ ስጽፍ «ሳ» ብላችሁ ጎትቱት ማለቴ ነው፣ አ ለብቻው አይነበብም። «ሆምሜ» ብዬ ስጽፍ ደግሞ ሜ ይጠብቃል። በጥብቀት በኩል እኛ ከብዙ ተማሪ እንሻላለን። «አለ»ን እና «አለ»ን ሳይጻፍልን በጆሮ የምንለይ ሰዎች ነን። የሚያስቸግረን የአናባቢው መርዘም ነው፤ በአማርኛ እሱ ትርጉም አይለውጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። በቃል መጨረሻ የሚመጡት ብ እና ድ እንደኛ ጠንካራ አይደሉም፣ ወደ ፕ እና ት ያዘነብላሉ። «ሳአብ» ሲሉ «ሳአፕ» የሚል ቢመስላችሁ ጆሮአችሁ አልተሳሳተም።

1. እርባታውን አንዴ ጨርሱት

የአሁን ጊዜ፦ ማ ሳአን (እኔ)፣ ሳ ሳአድ (አንተ፣ አንቺ)፣ ታ ሳአብ (እሱ፣ እሷ)፣ ሜ ሳአሜ (እኛ)፣ ቴ ሳአቴ (እናንተ፣ እርስዎ)፣ ናድ ሳአቫድ (እነሱ)።

ያለፈ ጊዜ፦ ሳይን፣ ሳይድ፣ ሳይ፣ ሳይሜ፣ ሳይቴ፣ ሳይድ።

ያለፈው ላይ የተረዘመው «አ» ጠፍቶ «ይ» ይገባል። «ሳይድ» ሁለት ጊዜ እንደመጣ አያችሁ? «አገኘህ»ም «አገኙ»ም ነው። ተውላጠ ስሙ ካልተጨመረ የሚለየው በወሬው ነው። «ታ» ጾታ የለውም፤ ወንድም ሴትም «ታ» ነው።

አሉታው ደግሞ እረፍት ነው። «ኤይ ሳአ» ብሎ ለሁሉም አንድ ነው፦ ማ ኤይ ሳአ፣ ሳ ኤይ ሳአ፣ ናድ ኤይ ሳአ። ያለፈውም «ኤይ ሳአኑድ» ብቻ ነው። አላገኝም፣ አታገኝም፣ አያገኙም እያልን ለምንለዋውጥ ሰዎች ነፃ ስጦታ ማለት ነው። ዋጋው ግን ተውላጠ ስሙን አለመጣል ነው፤ «ማ» ካላላችሁ ማን እንዳልቻለ አይታወቅም።

የወደፊት ጊዜ የለም። «ሳአን ሆምሜ» ካላችሁ «ነገ አገኛለሁ» ነው፣ ልክ የኛ «አገኛለሁ» ለዛሬም ለነገም እንደሚያገለግለው። «ሳአብ ኦሌማ» እያሉ ከ«ሳአማ» የወደፊት ጊዜ የሚሠሩ አሉ፣ በጋዜጣም ያጋጥማችኋል። የቋንቋ አራሚዎች ግን ከጀርመንኛ የተቀዳ ነው ብለው አይወዱትም። ስብሰባው ነገ ነው ለማለት «ነው» የሚለው ግሥ ብቻ በቂ ነው። እናንተም አትልመዱት።

2. ጭራው ስም ከሆነ፦ ማግኘት

ይህኛው መዝገበ ቃላቱ የነገራችሁ ነው። «ማ ሳይን ራአማቱ»፦ መጽሐፉን አገኘሁ። ቀላል ይመስላል፤ የስሙ መጨረሻ ላይ ግን ቆም በሉ። መጽሐፍ በመነሻ መልኩ «ራአማት» ነው። ሙሉውን ነገር ካገኛችሁት «ራአማቱ» ይሆናል። ካላገኛችሁት ደግሞ «ማ ኤይ ሳአኑድ ራአማቱት» ነው፣ «ት» ተጨምራለች። አሉታ በመጣ ቁጥር ስሙ ወደዚህ ሁለተኛ መልክ ይሸሻል። የኛ «ን» እንዲህ አታደርግም። «መጽሐፉን አገኘሁ፣ መጽሐፉን አላገኘሁም» ስንል «ን» ንቅንቅ አትልም። ስለዚህ እዚህ ላይ የአማርኛ ጆሮ አይረዳም፣ ልምምድ ብቻ ነው የሚያወጣችሁ።

ያው «ት»ን የያዘው ዓይነት መልክ ለከፊል ነገርም፣ ለሚደጋገም ነገርም ይሆናል። «ሳይን ቬትት» ማለት ውሃ አገኘሁ፣ የተወሰነ ውሃ ማለት ነው እንጂ የዓለምን ውሃ በሙሉ አይደለም። ደሞዝ ጥሩ ማሳያ ነው። «ሚልላል ሜ ፓልካ ሳአሜ?» ደሞዝ የምናገኘው መቼ ነው? እዚህ «ፓልካ» ነው፤ «ት» ባይኖረውም ያው ሁለተኛው መልክ ነው። ገንዘቡ ገብቶ ካያችሁት በኋላ ግን «ሳይን ፓልጋ ካትቴ»፣ ደሞዜን ተቀበልኩ። ክ ወደ ግ ተለወጠ፤ የደሞዙ ሙሉ መሆን የተነገረው በአንዲት ፊደል ነው። («ካትቴ» ውስጥ ያለው «ካ» ወደ «ኬ» ያዘነብላል።)

ከማን አገኘህ ለሚለው፣ ሰው ከሆነ «ልት»፣ ቦታ ከሆነ «ስት» ይጨመራል። «ሳይን ኤማልት ኪርያ»፦ ከእናቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ሳይን ሴልሌ ፖኤስት»፦ ከሱቅ ነው ያገኘሁት። ዜግነትም በዚሁ ግሥ ይገኛል፤ «ታ ሳይ ኮዳኮንድሱሴ» ማለት ዜግነት አገኘ ነው። ለዚያ ደግሞ ቢ1 የሚባለው የቋንቋ ደረጃ ስለሚጠየቅ እዚህ ያለው ሁሉ ሳይወድ በግድ ያስፈልጋል።

3. ጭራው ግሥ ከሆነ፦ መቻል

ከሁሉ የበለጠ የምትናገሩት ይህንን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፦

«ካስ ሲይን ሳአብ ካአርዲጋ ማክስታ?»

እዚህ በካርድ መክፈል ይቻላል? «ካስ» ጥያቄ ከፋች ናት፤ እኛ «ወይ»ን መጨረሻ ላይ እንደምንሰካው እነሱ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጧታል። «ሲይን» እዚህ ነው። «ካአርዲ» ካርድ፣ «ጋ» በ ወይም ከእገሌ ጋር። «ማክስታ» መክፈል። መሃል ላይ የተቀመጠው «ሳአብ» ባለቤት የለውም። የኛን «ይቻላል» አስቡ፣ ማን እንደሚችል አይናገርም፣ ሁሉም ሰው ነው።

መልሱ ደስ ይላል። «ሳአብ።» በቃ። ይቻላል? ይቻላል። አዎ የሚል ቃል እያላቸው ብዙ ጊዜ ግሡን ራሱን መልሰው ይሰጧችኋል፣ እንደኛው። ትንሽ ሞቅ ያለ ሻጭ ከሆነ «ኢክካ ሳአብ» ይላችኋል፣ «እንዴታ!» እንደማለት። ካልተቻለ «ካህዩክስ ኤይ ሳአ» ነው። «ካህዩክስ» የማዘን ቃል ነው፣ «አዝናለሁ» ውስጥ ያለችውን ያህል።

የሚከተለው ግሥ መልክ ላይ ተጠንቀቁ። መዝገበ ቃላት ግሦችን የሚያሰልፈው በ«ማ» እያበቁ ነው፤ «ሳአማ» ግን «ማ»ን ከኋላው አይወድም። ሁለተኛውን መልክ ይፈልጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ«ዳ» ወይም በ«ታ» የሚያበቃውን። መክፈል «ማክስማ» ነው፣ «ሳአን ማክስታ» ይሆናል። መርዳት «አይታማ»፣ «ሳአን አይዳታ»። መምጣት «ቱሌማ»፣ «ሳአን ቱልላ»። መሄድ «ሚኔማ»፣ «ሳአን ሚንና»። ማድረግ «ቴጌማ»፣ «ሳአን ቴሃ»። ጥንድ ጥንዱን አብራችሁ አጥኑ። አንዱን ብቻ ያጠና ሰው በኋላ እንደገና ይጀምራል።

አሁን ወጥመዱ። እኛ «እችላለሁ»ን ለሁሉም ነገር እንጠቀማለን። ቋንቋ እችላለሁ፣ ዋና እችላለሁ፣ ነገ መምጣት እችላለሁ። ኤስቶናውያን ግን ይለያዩታል።

ተምራችሁ የያዛችሁት ችሎታ ከሆነ «ኦስካማ» ነው። «ማ ኦስካን ኤኤስቲ ኬኤልት»፦ ኤስቶንኛ እችላለሁ። እዚህ «ሳአን» ካላችሁ «ኤስቶንኛ አገኛለሁ» ሆኖ ይሰማል፣ ሰውዬው ፈገግ ይላል። «ማ ኤይ ኦስካ ኡዩዳ» ማለት ዋና አልችልም፣ አልተማርኩም ነው። «ማ ኤይ ሳአ ኡዩዳ» ደግሞ ዋና አውቃለሁ፣ ግን ዛሬ እጄ ተጎድቷል ወይም ውሃው ተዘግቷል ማለት ነው። «ሳአማ» የሚናገረው ሁኔታው መፍቀድ አለመፍቀዱን ነው።

ጉልበት ወይም ጊዜ ካነሳችሁ «ኤይ ይኧዋ» ነው፤ አልደርስም፣ አቅም የለኝም። ክልክል ከሆነ «ኤይ ቶሂ»፤ «ሲይን ኤይ ቶሂ ሱይትሴታዳ» ማለት እዚህ ማጨስ ክልክል ነው። እኔ በጣም የምወደው ግን «ኤይ ቪይትሲ» የሚባለውን ነው። እችላለሁ፣ ጊዜም አለኝ፣ ግን ደበረኝ። ይህን በአንድ ግሥ መጨረስ ቀልድ አይደለም። ለአለቃ አይባልም፣ ለጓደኛ ግን ማንም አይቀየምበትም።

ቀጠሮ ሲሰረዝ ሰበብ አታብዙ። «ካህዩክስ ሆምሜ ኤይ ሳአ» ማለት «ነገ አይመቸኝም» ነው፣ በዚያ አገር ይህ ሙሉ መልስ ነው። ለምን እንዳልተመቻችሁ ብትዘረዝሩ ያዳምጧችኋል፣ ግን አልጠበቁም።

4. «ክስ» ወይም «ስት» ካያችሁ፦ መሆን

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሆነውን ነገር ላይ «ክስ» መለጠፍ ነው። «ታ ሳይ አርስቲክስ»፦ ሐኪም ሆነ፣ ወይም ሆነች። ሁለተኛው ሰውየው ላይ «ስት» ለጥፎ የሆነውን ባዶውን መተው ነው። «ቴማስት ሳይ አርስት»፦ ከእሱ ሐኪም ወጣ እንደማለት። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለተኛው በወሬ ውስጥ ቀለል ብሎ ይሄዳል፣ እኔም እሱን እመክራለሁ። በተለይ ለጥያቄ፦ «ሚስ ቴማስት ሳይ?» ያ ልጅ የት ደረሰ? ነገር ሲበላሽም ይሠራል፤ «ሴልሌስት ኤይ ሳአ ሚዳጊ» ከዚህ ነገር ምንም አይወጣም።

ዕድሜም እዚህ ይገባል። «ላፕስ ሳይ ቪይዬሴክስ» ልጁ አምስት ዓመት ሞላው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 አገሪቱ በየቦታው የለጠፈችው ይህንኑ ነበር። ነፃነቷ በታሊን የታወጀው የካቲት 24 ቀን 1918 በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት «ኤኤስቲ ሳይ ሳያ-አአስታሴክስ»፣ ኤስቶኒያ መቶ ዓመት ሞላት።

ከዚህ ምድብ ሁለት ንግግሮች ነገውኑ ያስፈልጓችኋል። ለታመመ ጓደኛ «ሳአ ቴርቬክስ!» በሉት፣ «ይማርህ» ነው፤ ቃል በቃል «ጤነኛ ሁን»። ሁለት ሰዎችን ስታስተዋውቁ ደግሞ «ሳአጌ ቱትታቫክስ!»፣ ተዋወቁ።

ሰዓትም «ይሆናል»። «ኬል ሳአብ ኮሄ ካክስ»፣ አሁን ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። የነሱ ሁለት ግን ከሰዓት ከሆነ የኛ ስምንት ነው፣ ይህን ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

5. ትንንሾቹ ቃላት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። «ሳአማ» ከአንዲት ትንሽ ቃል ጋር ሲጋባ አዲስ ግሥ ይወለዳል፣ የድሮው ትርጉም አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም። በንግግር ውስጥ የምትሰሙት ግማሹ ይኸው ነው።

የመጀመሪያዋ «አሩ» ናት። «አሩ» አእምሮ፣ ማስተዋል ማለት ነው። «ማ ሳአን አሩ» ገባኝ። «ማ ኤይ ሳአ አሩ» አልገባኝም። ማንን ወይም ምንን እንደተረዳችሁ ለመናገር «ስት» ይለጠፋል፤ «ማ ሳአን ሲኑስት አሩ» የምትለው ይገባኛል፣ ስሜትህም ይገባኛል። አስተማሪ «ካስ ሳይቴ አሩ?» ሲል «ገባችሁ?» ነው። ካልገባችሁ ዝም አትበሉ። «ኤይ ሳአኑድ» ብቻ ብትሉም ይበቃል።

የቃል አሰላለፉን እዚሁ ያዙት። እኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የምናስቀምጠው። እነሱ ብዙ ጊዜ ግሡን ሁለተኛ ቦታ ላይ ይተክሉና ትንሿን ቃል ወደ መጨረሻው ይሰዷታል። «ማ ሳአን … አሩ።» መሃሉ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ሸክም ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ ሰው ሲያወራችሁ «ሳአን» ስትሰሙ ለትርጉም አትቸኩሉ፤ መጨረሻው ላይ ምን እንደሚወድቅ ጠብቁ። ግሡ በሁለተኛው መልኩ ሲመጣ ግን ትንሿ ቃል ትቀድማለች፦ «ታሃን አሩ ሳአዳ»፣ መረዳት እፈልጋለሁ።

«ኮክኩ» አንድ ላይ ማለት ናት። «ሳአሜ ሆምሜ ኮክኩ» ነገ እንገናኝ። ከማን ጋር ለማለት «ጋ»ን ከስሙ ላይ ትለጥፋላችሁ።

«ሃክካማ» የነሱ ኩራት ናት። «ሳአን ኢሴ ሃክካማ»፣ ራሴ እወጣዋለሁ። ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሽማግሌ ልርዳዎት ስትሉት ይህንን ሊላችሁ ይችላል፣ እንደ ቁጣ አትውሰዱት። ፈተና ያለፈ ሰውም «ሳይን ሃክካማ!» ይላል፣ ተሳካልኝ። ደግሞ አሽሙርም አለባት። ስለ አንድ አስቸጋሪ ልጅ «ምን ሠርቶ መጣ ደግሞ?» ሲባል ያችው «ሃክካማ» ናት የምትገባው። የድምፁን ቃና ስሙ።

«ኦትሳ» ማለቅ ናት። «ፒይም ሳይ ኦትሳ» ወተት አለቀ። «ራሃ ሳይ ኦትሳ» ገንዘብ አለቀ። «ቫልሚስ» ደግሞ መድረስ፣ መጠናቀቅ፤ «ሱፕፕ ሳይ ቫልሚስ» ሾርባው ደረሰ። እኛም ለምግብ «ደረሰ» ስለምንል ይህቺን ማንም አይረሳትም።

«ቴያዳ» ማወቅ ነው። ከ«ሳአማ» ጋር ሲሆን መስማት፣ መረጃ ማግኘት ይሆናል። «ኩስት ሳ ቴያዳ ሳይድ?» ከየት ሰማህ?

«ካትቴ» እጅ ውስጥ እንደማለት ናት። ደሞዙ ላይ አይተናታል። ለተላከ ዕቃም፣ ለስልክም ትሆናለች። «ማ ኤይ ሳአኑድ ቴዳ ካትቴ»፣ ደውዬ አላገኘሁትም። «ላህቲ» ደግሞ መላቀቅ፤ «ሳይን ኖሁስት ላህቲ»፣ ጉንፋኑ ለቀቀኝ።

ሕፃን ሲወድቅ እናቱ የምትለው «ካስ ሳይድ ሃይጌት?» ነው፣ ተጎዳህ? ይህ ጉዳት ነው እንጂ ሕመም አይደለም፣ ለመታመም ሌላ ግሥ አላቸው። ዜና ላይ ደግሞ «አቫሪይስ ሳይ ቪጋ ካክስ ኢኒሜስት» ብታነቡ፣ በአደጋው ሁለት ሰዎች ቆሰሉ ነው። በ«ቪጋ» ቦታ «ሱርማ» ካለ ሞተዋል። ሰው ያገኘው ነገር ጥሩ ብቻ እንዳልሆነ ግሡ አይደብቅም።

6. በትሕትና ለመጠየቅ «ክሲ» ጨምሩ

«ሳአክሲን»፣ «ሳአክሲድ»፣ «ሳአክስ»፣ «ሳአክሲሜ»፣ «ሳአክሲቴ»። እኛ «ስጠኝ»ን «ብትሰጠኝ» አድርገን እንደምናለሰልሰው ነው። «ካስ ማ ሳአክሲን ክላአሲ ቬትት?» አንድ ብርጭቆ ውሃ ባገኝ? «ካስ ቴ ሳአክሲቴ ኮርራታ?» ቢደግሙልኝ? «ቴ» እንደ «እርስዎ»ም ስለሚያገለግል ለማያውቁት ሰው፣ ለሐኪም፣ ለቢሮ ሠራተኛ በእሱ ጀምሩ። «ሳ» በሉኝ ካሏችሁ ያኔ ታወርዱታላችሁ።

ሁሉም በአንድ ላይ ምን እንደሚመስል አንድ የስልክ ንግግር እነሆ። የቤተሰብ ሐኪም ጋ ደውላችኋል።

— ቴሬ! ካስ ማ ሳአክሲን አያ? (ጤና ይስጥልኝ! ቀጠሮ ባገኝ?)

— ሆምሜ ኬል ካክስ። ካስ ሳአቴ ቱልላ? (ነገ በሁለት ሰዓት። መምጣት ይችላሉ?)

— ካህዩክስ ኤይ ሳአ። ካስ ሬኤዴል ሳአብ? (አይመቸኝም። ዓርብ ይቻላል?)

— ሳአብ። ሬኤዴል ኬል ፖኦል ኮልም። (ይቻላል። ዓርብ…)

— ሳይን አሩ። አይታህ! (ገባኝ። አመሰግናለሁ!)

በእያንዳንዱ መስመር «ሳአማ» አለ፣ ጭራው ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ያልተረጎምኩላችሁ ሰዓት አለ። «ፖኦል ኮልም» ቃል በቃል «ግማሽ ሦስት» ነው። ሦስት ተኩል ግን አይደለም! ወደ ሦስት የሚወስደው ሰዓት ግማሽ ላይ ነን ማለት ነው፣ ሁለት ተኩል። በኛ አቆጣጠር ስምንት ተኩል። ዘጠኝ ተኩል ላይ ከች ያለ ሰው ቀጠሮው አልፎበታል።

7. «ሳይ ቴህቱድ»፦ ማን እንደሠራው ሳይነገር

ይህ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ ግን ሰው ሲያወራ ብትሰሙት ይጠቅማችኋል። «ሳአብ ቴህቱድ!» ሥራ ያዘዛችሁት ሰው የሚመልስላችሁ ነው፤ ይደረጋል፣ አታስቡ። በኃላፊው ጊዜ ደግሞ «ኤይሌ ሳይ ፓልዩ ኮህቪ ዮኦዱድ»፣ ትናንት ብዙ ቡና ተጠጣ። ማን ጠጣው? ተናጋሪው ነዋ፣ ከጓደኞቹ ጋር። «እኔ» ላለማለት የሚደረግ ነገር ነው፣ እንደ ማፈርም እንደ ቀልድም። እኛም ድግስ አምሽተን «ትናንት ተበላ፣ ተጠጣ» የምንለው ለዛ አለው።

የሚያምታቱ መንትዮች

«ሳአዳ» የ«ሳአማ» ሁለተኛ መልክ ናት፣ «ታሃን ሳአዳ» ማግኘት እፈልጋለሁ። ግን መላክ የሚባለው ግሥ «ሳአትማ» ትእዛዙ እሱም «ሳአዳ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። «ሳአዳ ሙልሌ ኑምበር» ማለት ቁጥሩን ላክልኝ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በ«ሳአዳ» ከጀመረና «ሙልሌ» ማለትም «ለኔ» ከተከተለ፣ ላክ ነው።

ሁለተኛው ይበላል። «ሳይ» አገኘ ብቻ ሳትሆን ነጭ ዳቦም ናት። በታሊን አሮጌው ከተማ ከማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ወደ ፒክ መንገድ የምታሻግር ጠባብ መተላለፊያ «ሳያካንግ» ትባላለች፤ ዳቦ እንጂ ማግኘት የለባትም። «ታ ሳይ ሳያ» ደግሞ ፍጹም ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ነጭ ዳቦ አገኘ።

ስትጠራጠሩ የኤስቶኒያ ቋንቋ ተቋም «ሶናቬብ» የሚል ነፃ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት አለው። ስሙ ሲነበብ «ሶ» ወደ «ሰ» ያዘነብላል፣ «ቬ»ም ይረዝማል። ያጋጠማችሁን ቃል እንዳለ ጻፉበት። «ሳይን» ብትሉት ራሱ ወደ «ሳአማ» ይወስዳችኋል፣ እርባታውን ያሳያችኋል፣ በድምፅም ያሰማችኋል። «ሳይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ዳቦውንም ግሡንም ያቀርብላችኋል። ከትርጉሙ አጠገብ የተጻፉትን ትንንሽ የጥያቄ ቃላት አትዝለሏቸው። «ከምን?» የሚል ካያችሁ ስሙ «ስት» ይፈልጋል፣ «ከምን ጋር?» ካያችሁ «ጋ» ይፈልጋል።